ከጥጋብ በኋላ የሚያስበላው ምንድን ነው?

ሰው በልቶ ከጠገበና እጁን ከታጠበ በኋላ፤ ጣፋጭ ነገር ሲቀርብለት እንደገና እጁን ይዘረጋል። ብዙዎቻችን ይህን ሆዳምነት ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ልጆችንም እንቈጣበታለን። ሊቃውንት ግን ምክንያቱን ከሆድ ይልቅ በአንጎል ውስጥ ሲፈልጉት ኖረዋል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፤ ገና ተማሪ የነበሩት ካንዳስ ፐርትና መምህራቸው ዶክተር ሰሎሞን ስናይደር፤ ሞርፊን የሚያርፍበት ልዩ ተቀባይ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አስረዱ። ነገሩ ሌላ ጥያቄ አስከተለ። ሰው ሞርፊን ሳይቀምስ ይኖራልና፤ ይህ ተቀባይ ለማን ተዘጋጀ? መልሱ በ1975 ዓ.ም. ከስኮትላንድ፤ ከአበርዲን ከተማ መጣ። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ኤንኬፋሊን የተባለውን ቅመም አወጡ። ለካ አንጎል ሞርፊንን የሚመስል ነገር ራሱ ያዘጋጃል!

ከዚህ በፊት በ1974 ዓ.ም. ናሎክሶን የተባለው፤ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ምግብ መቀነሳቸው ታይቶ ነበር። ተቀባዮቹ ሙ፤ ዴልታና ካፓ ይባላሉ። በአይጥ አንጎል ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሥፍራ ያለው ሙ ሲነቃቃ፤ አይጡ ስብና ጣፋጭ አብዝቶ ይበላል፤ ይኸውም ረኃብ ስለ ጸናበት ሳይሆን ጣዕሙ ይበልጥ ደስ ስለሚያሰኘው ነው።

ታዲያ ተቀባዩን መዝጋት ያከሳልን? ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት ብቻውን ብዙ አልረዳም። ከቡፕሮፒዮን ጋር ተቀላቅሎ ግን በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ፤ በማግሥቱ ዓመት በኤውሮፓ ተፈቀደ። የሚቀንሰው ክብደት መጠነኛ ነው። ሞርፊንን የመሰለ ማስታገሻ የሚወስዱና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ፈጽሞ ሊወስዱት አይገባም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሌላው ጉዳይ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ኦላንዛፒን በሽተኛውን ያወፍራል። በ2021 ዓ.ም. ተቀባዩን ከሚዘጋው ከሳሚዶርፋን ጋር ተቀላቅሎ እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ። በ6 ወር ጥናት ኦላንዛፒንን ብቻ የወሰዱት በአማካይ 6.6 በመቶ ሲወፍሩ፤ ድብልቁን የወሰዱት 4.2 በመቶ ብቻ ጨመሩ። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ውፍረቱን ጠልቶ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ በሽተኛ አለ፤ ባቋረጠም ጊዜ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል።