የነባር ቤቶችን መስኮት ሳንነቅል የውጭ ድምፅን ስለ መቀነስ

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ በመንገድ ዳር ያሉ ነባር የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶችና የሰንበት ትምህርት ክፍሎች የባጃጅና የጭነት መኪና ድምፅ ቢያውካቸውም፣ የእንጨት መስኮታቸውን ነቅሎ ለመጣል መቸኮል አይገባም። ድምፅ የሚገባው በስስ መስታወትና አየር በሚያሳልፍ ቀዳዳ ነውና፣ አስቀድመን የመቃኑን ስንጥቅ በስቱኮ፣ የሚከፈተውን ጠርዝ በጎማ እንድፈን።

ቀጥሎ ከውስጥ በኩል፣ በራሱ ፍሬም፣ ሁለተኛ መስታወት ይገጠም። በሁለቱ መካከል ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተው፤ ከተጠጋጉ ጥቅሙ ያንሳል። ስለዚህ የአጥቢያ ኮሚቴዎች ከግዢ በፊት የግድግዳውን ውፍረት ይለኩ። የመስታወቶቹ ውፍረት ቢለያይም ይመረጣል።

ከተማችን ሞቃት ስለ ሆነች፣ ሁለተኛው መስታወት የሚከፈት ይሁን። በትምህርት ሰዓት በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ይዘጋ፤ በግቢው በኩል ያለው ለነፋስ ይከፈት።