ያውቁ ኖሯል? ከሐረሩ ሽቦ እስከ ሁለተኛው ሲም

የሀገራችን የቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የተጀመረው ያኔ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ኩባንያ የራሱን ኔትወርክ ይዞ እስኪመጣ ድረስ 127 ዓመት አልፏል። ነገሥታት ወርደው ደርግ መጣ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ገባ። የስልኩ ባለቤት ግን ያው አንዱ መንግሥት ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ያ ሁለተኛ ኩባንያ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ሥራውን በሙከራ የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የመጀመሪያው የስልክ ሽቦ የተዘረጋበት ምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ሁለተኛውንም ኔትወርክ ቀድሞ አየ። መቼም ይህን ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ላይ በይፋ የተከፈተው መስከረም 26 ቀን 2015 ሲሆን፣ ሁልጊዜ በ09 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር የለመደው ዓይናችን ከ07 ጋር የተዋወቀው በዚያ ሰሞን ነው።

ቴሌ ስንል የኖርነው መሥሪያ ቤት ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀየረስ? በንጉሡ ጊዜ ቦርድ ነበር፤ በደርግ ዘመን ባለሥልጣን ተባለ፤ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ ኅዳር 20 ቀን 2003 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደገና ተቋቋመ። በዚህ በመጨረሻው ጊዜ ማኔጅመንቱ በውል ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም ተሰጥቶ ነበር። ሕዝቡ ግን አንዱንም ስም ሳይለምድ ዛሬም «ቴሌ» ይለዋል።

ያውቁ ኖሯል? ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ነው፤ ሞባይል የመጣው ከእሱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ1991 ነው። ኢንተርኔት ቀደመ ስንል ግን በስልክ ሽቦ እየጮኸ የሚገባውን ዳያል አፕ ማለታችን ነው። ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ፣ ደቂቃ እየተቆጠረብኝ፣ አንድ ኢሜይል እስኪከፈት ስጠብቅ መስመሩ ተቆርጦብኝ ከዜሮ የጀመርኩበትን ቀን አልረሳውም። ለዚያም ሒሳቡን ከፍያለሁ።

በ1997ቱ ምርጫ ማግስት የሞባይል አጭር መልእክት መዘጋቱን ብዙ ሰው ያስታውሳል። መቼ እንደተከፈተ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። መልእክቱ የተመለሰው በመስከረም 2000፣ አዲሱን ሚሊኒየም ስንቀበል ነው። ሌላው ዓለም በመልእክት «እንኳን አደረሰህ» ሲባባል እኛ ሁለት ዓመት ያህል ያለ መልእክት ቆየን።

ያውቁ ኖሯል? በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ ማስተላለፍ በሀገራችን ሕግ ወንጀል የነበረበት ጊዜ አለ። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ መላክን ከለከለ። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። ያን ሰሞን «ስካይፕ ያደረገ ሊታሰር ነው» ተብሎ ወሬው ከአዲስ አበባ አልፎ ዓለምን ዞረ።

ለዚህ ሁሉ ፍርሃት መነሻው ምን ነበር? እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ ነገሩን ሳያውቀው ኖሮበታልና። አንዲት እኅት ከዋሽንግተን እናቷ ጋ ትደውላለች። ጥሪው በደጃፉ ቢገባ የውጭው ኩባንያ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ለተቀባዩ ኩባንያ በዶላር ይከፍላል። ርካሽ የስልክ ካርድ ገዝታ ስትደውል ግን ጥሪው አንዳንድ ጊዜ በሌላ መንገድ ይገባል። ድምፁ በኢንተርኔት አዲስ አበባ ይደርስና፣ አንድ ቤት ውስጥ የተደበቀ፣ ብዙ ሲም ካርድ የተሰካበት ሲም ቦክስ የሚባል መሣሪያ ይቀበለዋል። መሣሪያው ከሲሞቹ በአንዱ እንደ ሀገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ለእናትየው መልሶ ይደውላል። እናትየው የልጇን ድምፅ ትሰማለች፤ ስልኳ ላይ የምታየው ግን የማታውቀው የ09 ቁጥር ነው። «ልጄ፣ ሀገር ቤት ገባሽ እንዴ?» ብላ የጠየቀች እናት አትጠፋም። ሀገሪቱ ዶላሩን ታጣለች፤ ልዩነቱ በሲም ቦክሱ ባለቤት ኪስ ይገባል። ማጭበርበሩ እውነተኛ ነው። እኔ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ከውጭ የሚደረገው ጥሪ ያን ያህል ውድ ባይሆን ኖሮ በጓሮ መግባት ምን ያተርፍ ነበር?

ያውቁ ኖሯል? ቴሌኮም ለግል ባለሀብት እንደሚከፈት የተነገረው ግንቦት 28 ቀን 2010 ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ቀነሰ። ተፎካካሪው ሀገር ውስጥ ሊገባ ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። የውድድር ወሬው ብቻ ይህን ካደረገ ስንት ዓመት ያለ አግባብ ከፍለናል የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ለውጡን የወለደው ዋናው ሰነድ በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው ይህ አዋጅ ነው፤ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ኢንጂነር ባልቻ ሬባ ናቸው። ባለሥልጣን ሲባል ደረቅ ነገር ይመስላል። ሥራው ግን ኪሳችን ድረስ የገባ ነው። የ07 ስልክ ወደ 09 ደውሎ ካልተቀበለው ማን ይገዛዋል? አዲሱ ኩባንያ እየሮጠ ሲም ቢሸጥ፣ የነባሩ ኩባንያ ደንበኞች ካልተገናኙት እንደ ሁለት ደሴት ይቀራሉ። ሁለቱን ማገናኘት፣ ለግንኙነቱ የሚከፈለውን ሒሳብ መዳኘት፣ የሬዲዮ ሞገዱን ማከፋፈል፣ ጉልበተኛው ትንሹን እንዳይጫን መጠበቅ የዳኛ ሥራ ነው። በፊት ተጫዋቹም የዳኛው አለቃም መንግሥት ነበር፤ ሜዳውም የእሱ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ለሁለቱ አዲስ ፈቃዶች በመጀመሪያ ፍላጎታቸውን የገለጹት 12 ድርጅቶች ነበሩ። ጨረታው ሲከፈት የገንዘብ ሰነድ ያቀረቡት ሁለት ብቻ ሆኑ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት፣ የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮምና የጃፓኑ ሱሚቶሞ ያሉበት፣ 850 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አለ። በግንቦት 2013 የመጀመሪያው ፈቃድ ለ15 ዓመት ተሰጠ፤ የሁለተኛው ዋጋ አነሰ ተብሎ ውድቅ ሆነ። ሌሎቹ ለምን ሸሹ ለሚል፣ አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ፈቃዱ ሲሸጥ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት አልተካተተበትም። በምሥራቅ አፍሪካ የስልክ ንግድ ግማሽ ነፍሱ ገንዘብ ማስተላለፍ ነው። የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ሲሠራ ያየ ኩባንያ ያለ እሱ ገብቶ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በኢትዮጵያ የተፈቀደለት ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ ነው፤ ነሐሴ 10 ቀን 2015 ተከፈተ። (ፔሳ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው።)

በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶዎች ጫፍ ላይ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ አስተውለውት ያውቃሉ? ዋናው ሥራው መብረቅን መከላከል ነው። ብዙ ቦታ ላይ ግን ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ የመስታወት ፋይበር አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይህን ፋይበር ለቴሌኮም ኩባንያዎች ያከራያል። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው ዩቲዩብ ከእርስዎ ራስ በላይ፣ ከመብራቱ ጎን ነው የሚያልፈው። አንዱ የሠራውን ሌላው ተከራይቶ ቢጠቀም ወጪው ይቀንሳል። አንቴናም እንደዚሁ። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ታወር ጎን ለጎን ተተክሎ ማዶ ያለው ቀበሌ ያለ አንድም ሲቀር ማየት ያሳዝናል። አክስቴ የምትኖርበት ገጠር ዛሬም የልጅ ልጇ «ኔትወርክ ልፈልግ» ብሎ ዳገት ይወጣል፤ ደውሎ ጨርሶ ወርዶ የተባለውን ይነግራታል።

ያውቁ ኖሯል? የባሕር በር እንደሌለን ሁሉ የኢንተርኔትም የባሕር በር የለንም። አህጉራትን የሚያገናኙት የባሕር ሥር ገመዶች እኛ ዳርቻ አይደርሱም። ዳታችን በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ዞሮ ነው የሚወጣው። ጂቡቲ ትንሽ ሀገር ብትሆንም ብዙ ገመድ የሚያርፍባት ትልቅ በር ናት፤ እቃችንም ዳታችንም እዚያ እየከፈለ ያልፋል።

በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለመሸጥ 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ገበያ አወጣ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ ክፍያውም በቴሌብር። ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል ገዝተዋል። ከታሰበው አሥር እጅ አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ቢሆንም በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው የቴሌ ባለቤት የሚሆንበትን ቀን አባቴ ቢያይ ባላመነ።

ለሕዝቡ ግን ከፈቃዱም ከአክሲዮኑም ይልቅ የሚከብደው የእጅ ስልኩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ስማርት ስልክም፣ አንቴናውም፣ ባትሪውም በዶላር ነው የሚመጣው። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ሆኖ ኢንተርኔት የማይገባ ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው፤ በዓለም አቀፉ ግምት ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስታችን አንዱ ገደማ ነው።

ደግሞ ያለውም ይዘጋል። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተራዘመ በኋላ፣ በ2009 ፈተናው እንዲያልፍ ተብሎ ኢንተርኔት በሀገር ደረጃ ተቋረጠ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ገደማ ጠፋ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘጋ። በእነዚያ ወራት ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ መንገደኛ የጠበቀ፣ ደመወዙን ማውጣት ያቃተው፣ ነጋዴ ሆኖ ሱቁን የዘጋ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ኩባንያ ቢኖርም ማጥፊያው አንድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

ያውቁ ኖሯል? አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ቴክኖሎጂው ለእኛ ዓይነት ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚመድብ ነው። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ብዙ ሰው «selam nw» እያለ በላቲን መጻፍ የለመደው ስልኩ አማርኛ ስለማይጽፍ ነበር፤ ቦታ መቆጠቡም ረድቶታል። እንዲያም ሆኖ አንድ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በ70 ፊደል የሚባለው ነገር ከሚገመተው በላይ ብዙ ነው። «እማዬ ደህና ነኝ ብር ልኬያለሁ ነገ እደውላለሁ» ከእነ ባዶ ቦታው ከ40 አይበልጥም።