ንቃተ ኅሊና

ንቃተ ኅሊና ማለት አንድ ሰው ወይም እንስሳ ራሱንና አካባቢውን የሚያውቅበት፣ የሚደርስበትም ነገር የሚሰማው የሆነበት ሁኔታ ነው። በፍልስፍናም በሳይንስም ሁሉም የተስማማበት ትርጉም እስካሁን የለውም። የቡና ሽታ፣ የሚጥሚጣ ማቃጠል ወይም የጥርስ ሕመም ለሚሰማው ሰው ከምንም ነገር በላይ ግልጽ ነው፤ ከውጭ ለሚመለከት ግን ምልክቱ እንጂ ስሜቱ ራሱ አይታይም። ጥናቱን አስቸጋሪ ያደረገው በዋናነት ይህ ነው።

ስያሜ

ስያሜው ሁለት ቃላት የተጣመሩበት ነው። «ንቃት» የእንቅልፍ ተቃራኒ ነው። «ኅሊና» ደግሞ «ኀለየ» (አሰበ) ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ሲሆን በዕለት ተዕለት አማርኛ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ክፉና ደጉን ለሚለይ የውስጥ ዳኛ ነው፤ «የኅሊና ወቀሳ» እንደሚባለው። ስለዚህ ጥምር ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ጉዳዩ የሥነ ምግባር ሊመስለው ይችላል።

ተራው አነጋገር ግን የቃል ድህነት የለበትም። «ነቃ»፣ «ራሱን ሳተ» እና «ልብ አለ» ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይገልጻሉ። ተማሪ ዐይኑን ገልጦ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መምህሩ የሚለውን ልብ ላይል ይችላል፤ ነቅቷል፣ ልብ ግን አላለም። ሐኪሞችና ተመራማሪዎችም መንቃትንና ማስተዋልን የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው።

በሕክምና

ለመለካት የሚቀለው መንቃት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ በሆነው የግላስጎው መለኪያ ነው። ዐይን መግለጥ እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ የአካል እንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ3 እስከ 15 ይሆናል። መለኪያው የሚመዝነው ግን ምላሽን ነው። ምላሽ መስጠት ያልቻለ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም።

የዚህ ክፍተት ክብደት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አድሪያን ኦወን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ከመኪና አደጋ በኋላ ለወራት ዐይኗን ብትገልጥም ምንም ምላሽ የማትሰጥ አንዲት ወጣት በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ ሳለች ቴኒስ ስትጫወት፣ ቀጥሎም በቤቷ ክፍሎች ስትዘዋወር እንድታስብ ነገሯት። አንጎሏ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ በተለያየ ስፍራ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ለትእዛዝ በአካላቸው ምላሽ መስጠት ካልቻሉ 241 ሕሙማን 60ዎቹ ትእዛዙን በአንጎላቸው ሲፈጽሙ ተገኝተዋል። አልጋው አጠገብ ቆሞ «አይሰማም» ብሎ ለሚያወራ ዘመድም ሆነ ሐኪም ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

በፍልስፍና

በኢትዮጵያ ስለ አእምሮ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው በግዕዝ የተጻፈው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ለሁለት ዓመት ያህል በዋሻ ኖረ፤ በኋላም በጣና ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው እንፍራዝ ተቀመጠ። እንፍራዝ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሐተታውን እ.ኤ.አ. በ1667 የጻፈው በተማሪው በወልደ ሕይወት ጥያቄ መሆኑን ይናገራል።

መጽሐፉ የሰዎችን ምስክርነት በ«ልቡና» ብርሃን ይመረምራል። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1637 የዘዴ ድርሳኑን ካሳተመው ፈረንሳዊ ሬኔ ዴካርት ጋር ይነጻጸራል። ንጽጽሩ ግን ሲጋነን ይታያል። ዴካርት ሁሉን ተጠራጥሮ የማይጠረጠር ሆኖ ያገኘው የሚያስበውን ራሱን ነው። ሐተታው ደግሞ ከራሱ መኖር ተነሥቶ «ራሴን አልፈጠርሁም» ወደሚል ክርክር፣ ከዚያም ወደ ፈጣሪ ይሄዳል። ልቡና ለእርሱ የመመርመሪያ መሣሪያ እንጂ የሚመረመር እንቆቅልሽ አይደለም።

የደራሲው ማንነትም አከራካሪ ነው። ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በበኩሉ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራክሯል።

ዛሬ ክርክሩ የሚያተኩርበትን ነጥብ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1974 በአንድ ጥያቄ አቀረበው፦ የሌሊት ወፍ መሆን ምን ይመስላል? ስለ ጆሮዋና ስለ አንጎሏ ሁሉም ቢታወቅ እንኳ፣ በጨለማ በድምፅ ገደል ማሚቶ መንገድ መለየት ለእርሷ ምን እንደሚመስል አይታወቅም። ዴቪድ ቻልመርስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 «ከባዱ ችግር» አለው። ዳንኤል ዴኔት በተቃራኒው፣ የአንጎል ተግባራት በሙሉ ከተብራሩ የሚቀር ሌላ ችግር የለም ይል ነበር።

ንድፈ ሐሳቦችና ኮምፒውተር

ከብዙዎቹ ንድፈ ሐሳቦች ሁለቱ ጎልተው ይታወቃሉ። በርናርድ ባርስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው መሠረት፣ አንድ መረጃ ንቁ የሚሆነው እንደ አዋጅ ለመላው አንጎል ሲነገር ነው። የጁሊዮ ቶኖኒ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ የአካሉ ክፍሎች እርስ በርስ በምን ያህል ተዋሕደው እንደሚሠሩ ይለካል።

ልዩነታቸው ለኮምፒውተር ሲደርስ ይሰፋል። በመጀመሪያው መሠረት ወሳኙ አሠራሩ ስለሆነ፣ ተገቢው ፕሮግራም ያለው ማሽን ንቁ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ግን ወሳኙ ፕሮግራሙ ሳይሆን የማሽኑ አካላዊ አሠራር ነው፤ ተራ ኮምፒውተር የሰውን አንጎል አንድ በአንድ ቢያስመስል እንኳ ንቃቱ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። «ይሰማኛል» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም ለማንኛቸውም ማስረጃ አይሆንም፤ ሰዎች ከጻፉት ተምሮ ቃሉን መድገም ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የተመራማሪዎችና የፈላስፎች ቡድን በጊዜው የነበሩትን ሥርዓቶች መርምሮ ንቁ ነው ለማለት ጠንካራ ዕጩ የሚሆን አላገኘም።

በዚያው ዓመት አንድ የቆየ ውርርድም ተዘጋ። የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ የንቃት መነሻ የሆነው የአንጎል አሠራር በ25 ዓመት ውስጥ በግልጽ ይታወቃል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ከቻልመርስ ጋር ተወራርዶ ነበር። ጊዜው ሲሞላ ኒው ዮርክ ላይ መረታቱን አምኖ ለቻልመርስ ወይን ጠጅ ሰጠው።