የኳስ ተጫዋች ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ደቡባዊው ወገንዋ በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ሲተዳደር፣ ሰሜናዊው ወገንዋ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ከናይሮቢ ተነሥቶ ኢሲዮሎንና ማርሳቢትን አልፎ የሚመጣው የአስፋልት መንገድ በዚህች ከተማ ድንበሩን ይሻገርና በያቤሎ፣ በዲላና በሐዋሳ በኩል እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። በአንደኛው ወገን ገበያው የሚቆመው በሽልንግ፣ በሌላው ወገን በብር ነው። ከሞያሌ የሚነሣ አንድ ወጣት በእግር ኳስ መተዳደርን ቢመኝ ከፊቱ ሁለት መንገዶች ተዘርግተው ያገኛል። ወደ ደቡብ ቢወርድ ጎር ማሂያና ኤ.ኤፍ.ሲ. ሌፐርድስ የሚጫወቱበት የኬንያ ሊግ አለ፤ ወደ ሰሜን ቢወጣ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና የሚጫወቱበት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ይጠብቀዋል።

ባለፉት ዓመታት የተሻለ ገንዘብ ይገኝበታል ሲባል የቆየው የሰሜኑ መንገድ ነው። የዩጋንዳው በረኛ ሮበርት ኦዶንካራ ለብዙ ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ጠብቋል። የኬንያ ብሔራዊ ቡድን በረኛ የነበረው ፓትሪክ ማታሲም ከናይሮቢው ተስከር ክለብ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተዛወረ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በግብፅ በተጀመረው የአፍሪካ ዋንጫ ለአገሩ ሲሰለፍ የአዲስ አበባ ክለብ ተጫዋች ነበር። አንድ ተጫዋች አገሩን ለቆ የሚሄደው በገንዘብ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የጎረቤት አገር ብሔራዊ በረኞችን ለመሳብ የሚበቃ ደመወዝ በኢትዮጵያ ሊግ መከፈሉ በራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ሊጉ ይህን ያህል ገንዘብ ያገኛልን? ካላገኘስ ደመወዙ ከማን ኪስ ይወጣል?

በኢትዮጵያ ኳስ ተጫዋችነት ለረጅም ዘመን መተዳደሪያ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት ተጫዋቾቹን ያሰባሰባቸው የኳስ ፍቅር እንጂ ክፍያ አልነበረም። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ያነሡት ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁና ጓደኞቻቸውም በዛሬው አነጋገር ፕሮፌሽናል የሚባሉ አልነበሩም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ተነሥተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሱት ይድነቃቸው ተሰማ፣ ስፖርቱ በገንዘብ እጅ እንዳይወድቅ አጥብቀው ይሟገቱ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ክለቦች ይበልጡን በመሥሪያ ቤቶች፣ በፋብሪካዎችና በጦር ክፍሎች ዙሪያ ተደራጁ። መቻል የጦር ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ ሙገር የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ለጊዜው ስሙን አጥቶ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቷል። በዚህ አሠራር ተጫዋቹ በድርጅቱ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሠራተኛ ነው። ለልምምድና ለውድድር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ደመወዙ ግን የሚታሰበው በሥራ ደረጃው እንጂ በሚያገባው ግብ ብዛት አይደለም። ጉልበቱ ደክሞ ኳስ ሲያቆም ወደ ማሽኑ ወይም ወደ መዝገብ ቤቱ ይመለሳል፤ ጡረታውም አይቀርበትም። የዛሬን ተጫዋች ደመወዝ ከዚያ ዘመኑ ጋር እያነጻጸሩ የሚገረሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው። የድሮው ተጫዋች ያገኘው ትንሽ ቢሆንም እስከ ዕድሜው ማምሻ የሚዘልቅ ነበር።

የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ግን ተጫዋችነት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ መጣ። በመጀመሪያ ገበያውን የመራው የፊርማ ገንዘብ የሚባለው ነው። የፊርማ ገንዘብ ማለት ተጫዋቹ ከክለቡ ጋር ውል ሲዋዋል በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ክፍያ ሲሆን፣ የወር ደመወዙ ከዚያ ጋር ሲተያይ እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር። በጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመታት በኋላ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካፈል የተጫዋቾች ስም በያለበት ተነሣ። በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ የወሰደው ደደቢት ሲሆን፣ የክለቡ አጥቂ ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ክፍያው ከዓመት ዓመት እያሻቀበ ሄደ፤ የፊርማ ገንዘቡም ቀስ በቀስ በወር ደመወዝ ተተካ። ከ100,000 ብር በላይ የወር ደመወዝ መስማትም ብርቅ መሆኑ ቀረ።

ተጫዋቾቹን እርስ በርስ እየተሻሙ የሚወስዱት ክለቦች የማን ናቸው? ከጥቂቶቹ በስተቀር የከተማ አስተዳደሮች፣ የመንግሥት ድርጅቶችና የጦር ሠራዊቱ ናቸው። በብዙ ቡድኖች ስም ላይ ተቀጥሎ የኖረው «ከነማ» የሚለው ቃል እንኳ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው ያጠረ ነው። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ሁሉም በሊጉ በስማቸው የሚጠራ ቡድን አሰልፈዋል። ከተማው በሊጉ መታየቱ ለአስተዳደሩ ክብር ነው፤ መውረዱ ደግሞ ውርደት። ስለዚህ ሰኔ ላይ ቡድኑ እንዳይወርድ ሲባል መስከረም ላይ ምንም ያህል ቢጠየቅ ይከፈላል። የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ዋጋው ከአቅሙ ሲያልፍ ይመለሳል። በሕዝብ በጀት የሚገዛ ሹም ግን የሚመለስበት ምክንያት አነስተኛ ነው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ክለብ 25 ተጫዋቾች ቢኖሩትና ለእያንዳንዱ በወር 50,000 ብር ቢከፍል፣ የወሩ ወጪ 1,250,000 ብር፣ የዓመቱ ደግሞ 15 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሊጉ 16 ክለቦች ሲኖሩት አንድ ክለብ በሜዳው የሚጫወተው 15 ጊዜ ነው። የመግቢያው ዋጋ 20 ብር ቢሆን፣ ደመወዙን ከትኬት ሽያጭ ብቻ ለመሸፈን በእያንዳንዱ ጨዋታ 50,000 ተመልካች መግባት አለበት። ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ስታዲየም ከሚይዘው ሕዝብ ይበልጣል። የአሠልጣኙ ደመወዝ፣ የጉዞው፣ የሆቴሉና የሕክምናው ወጪ ገና አልተነሣም። እንግዲህ የሚከፍለው ጨዋታውን ለማየት የመጣው ተመልካች አይደለም። ስታዲየም ረግጦ የማያውቀው የከተማው ግብር ከፋይ፣ የመንገዱን ጥገናና የቧንቧውን ውኃ የሚጠብቀው ሰው ጭምር ነው።

ይህ ሁኔታ ያሳሰባቸው ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የደመወዝ ጣሪያ አወጡ። ከዚያ ወዲያ የትኛውም ተጫዋች ግብር ሳይነሣለት በወር ከ50,000 ብር በላይ እንዳይከፈለው ተወሰነ። በጊዜው በነበረው የግብር ሕግ መሠረት ከዚህ ላይ 16,000 ብር ለመንግሥት ገቢ ሲሆን፣ ተጫዋቹ እጅ የሚገባው 34,000 ብር ነበር። ውሳኔው በወረቀት ላይ መልካም ይመስላል። ዳሩ ግን ጥሩ አጥቂ የሚፈልጉት ክለቦች ቁጥር አልቀነሰም፤ የገንዘቡም ምንጭ አልተነካም። ከዚህ የተነሣ በውሉ ላይ 50,000 ተጽፎ ቀሪው በጎን ይሰጣል የሚለው ሐሜት ወዲያው ተከተለ፤ የሊጉ ሰዎችም ነገሩን በአደባባይ ሲያነሡት ቆይተዋል። በጎን የሚሰጥ ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም፤ ተጫዋቹም ቢከለከል ማስረጃ ይዞ ሊከስ አይችልም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1901 የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ጣሪያው እየተሻሻለ 20 ፓውንድ ደርሶ እ.ኤ.አ. በጥር 1961 ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው አማካይነት የሥራ ማቆም ዛቻ ካሰሙ በኋላ ተነሣ። በነዚያ 60 ዓመታት ውስጥ ገንዘብ በድብቅ ሲሰጥ የተያዙ ክለቦች ጥቂት አልነበሩም። ጣሪያው እንደ ተነሣ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፈለው። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ ገንዘቡን ያመጣው በር ላይ ከፍሎ የሚገባው ሕዝብ ስለ ነበር፣ ጣሪያው ይጠቅም የነበረው የክለቦቹን ባለቤቶች ነው። በኢትዮጵያ ጣሪያው ይጠብቃል የተባለው የሕዝብን ካዝና ነው።

ከሞያሌ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድስ? በኬንያም የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የወደብ ድርጅት ቡድኖች አሉ። ነገር ግን ብዙ ደጋፊ ያላቸው ጎር ማሂያና ሌፐርድስ የሕዝብ ክለቦች በመሆናቸው የማዘጋጃ ቤት በጀት የላቸውም። የእነርሱ ተስፋ ቴሌቪዥንና የውርርድ ድርጅቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ከኬንያ ሊግ ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ስፖርትፔሳ የተባለው የውርርድ ድርጅት ከኬንያ መንግሥት ጋር በግብርና በፈቃድ ጉዳይ ሲጋጭ ለሁለቱም ክለቦች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመ፤ ተጫዋቾቹም ያለ ደመወዝ ወራት ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤትኪንግ የተባለ ሌላ የውርርድ ድርጅት ለአምስት ዓመት 1.2 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ሊሰጥ ተዋውሎ፣ ገና በዓመቱ ውሉ ፈረሰ።

የሚገርመው ይኸው ቤትኪንግ በዚያው ጊዜ ስሙ ከድንበሩ በስተሰሜንም ተሰቅሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር መመራት ጀምሮ ከዲ.ኤስ.ቲቪ ጋር 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት ውል ሲፈራረም፣ ሊጉ በቤትኪንግ ስም ይጠራ ጀመር። ክለቦቹም በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጨዋታው ራሱ የሚመነጭ ደህና ገንዘብ አዩ። ነገር ግን ለሥርጭቱ አመቺ እንዲሆንና በወረርሽኙ ምክንያት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ብቻ ስለ ተደረጉ፣ የየከተማው ደጋፊ ቡድኑን በሜዳው የሚያይበት ዕድል ጠበበ። በአንድ በኩል የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲገባ በሌላ በኩል የበሩ ገቢ ጠፋ። የቤትኪንግ ስምም ብዙ ሳይቆይ ከዚህኛውም ሊግ ላይ ወረደ።

ስለ ደመወዝ ማደግ ሲነገር የብሩን ዋጋ አለመርሳት ያሻል። በሞያሌ ብርና ሽልንግ የሚመነዝር ነጋዴ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. አንድ ዶላር 29 ብር ገደማ ስለ ነበር 50,000 ብር ከ1,700 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ አንድ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያው 50,000 ከ500 ዶላር በታች ሆነ። ስለዚህ በቁጥር ሰማይ ነካ የተባለው ደመወዝ ድንበሩን ሲሻገር እጅግ ያንሳል።

በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አሠራሩ ተለወጠ። ገደቡ ለእያንዳንዱ ተጫዋች መሆኑ ቀርቶ ክለቡ በዓመት ለተጫዋቾች በሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ እንዲሆን ተደረገ። ለአንዱ ብዙ የሰጠ ለሌላው ይቀንሳል ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው ጣሪያ የተሻለ ይመስላል፤ ክለቡ እንዲመርጥ ያስገድዳልና። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሰጥም።

በመካከሉ ጉዳቱ የሚያርፈው በተጫዋቹ ላይ ነው። የከተማ አስተዳደሩ በጀቱን ሲያጥፍ ወይም ሹሙ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚዘገየው የቡድኑ ደመወዝ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የሊጉን ዋንጫ ወስዶ አገሩን አስደነቀ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ከሊጉ ወረደ። በ2005 ዓ.ም. አሸናፊ የነበረው ደደቢትም በ2011 ዓ.ም. ወርዷል። ደመወዝ የተቋረጠበት ተጫዋች አቤቱታውን ለፌዴሬሽኑ ያቀርባል፤ ውል ካለው ይፈረድለታል። ኳስ የሚያጫውተው ዕድሜ ግን ከ15 ዓመት እምብዛም አያልፍም፤ የሚመለስበት የፋብሪካ ማሽንም ሆነ የሚጠብቀው ጡረታ የለውም። የሚከፈለውም በውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ በጎን ይሰጥሃል ስለ ተባለው ፌዴሬሽኑ የሚያየው ወረቀት የለም።