አራት ሊትር ወይስ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ?

የአንጀት ማጽጃ መድኃኒቶች ፉክክር በአሜሪካ

ርካሽና ለአጠቃቀም የቀለለ ዕቃ ገበያውን እንደሚይዝ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፡፡ በአሜሪካ የአንጀት ማጽጃ ገበያ ግን እንዲህ ያለው ዕቃ የኋላ ኋላ ከመደርደሪያ ተለቅሞ ወጥቷል፡፡

ትልቁ አንጀቱን በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ዋዜማውን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል፡፡ ዓላማው አንጀቱ ሲከፈት ዓይነ ምድር ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ እንዳይመርዝ ነው፡፡

ባለ አራት ሊትሩ

ቀዳሚው "ጎላይትሊ" ነው፡፡ ዶክተር ጆን ፎርድትራንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ ብሬይንትሪ የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ በ1984 የሽያጭ ፈቃድ አገኘበት፡፡ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለው ዱቄት ከጨዎች ጋር በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፡፡ ዱቄቱ ወደ ደም ስለማይገባ የሰውነትን ጨውና ውኃ እምብዛም አያዛባም፡፡ ችግሩ ብዛቱ ነው፤ በየአሥር ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ በጠቅላላው 17 ብርጭቆ ያህል! ጨው ጨው የሚለውን መጠጥ ሳይጨርሱ የሚተዉት ጥቂት አይደሉም፡፡

ትንሿ ጠርሙስ

ይህን ክፍተት የሞላው የቨርጂኒያው ሲ.ቢ. ፍሊት ኩባንያ "ፎስፎ ሶዳ" ነበር፡፡ መጠኑ 45 ሚሊ ሊትር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ሽያጩም ያለ ሐኪም ማዘዣ ነበር፡፡ በ1990ዎቹ በተደረጉ ንጽጽሮችም በማጽዳት ከባለ አራት ሊትሩ እንደማያንስ ታየ፡፡ ይሁንና ውኃን ከሰውነት ስቦ የሚያስቀምጥ ከመሆኑም በላይ ፎስፌቱ ደም ውስጥ ገብቶ የአንዳንዶችን ኩላሊት ጎዳ፡፡ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2006 አስጠነቀቀ፤ በታኅሣሥ 2008 ማስጠንቀቂያውን ሲያጠብቅ ኩባንያው ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ፡፡

ሊትር የመቀነስ ሩጫ

ከዚያ ወዲህ ፉክክሩ ጉዳት ሳያስከትሉ መጠኑን መቀነስ ሆኗል፡፡ የፖሊኤቲሊን ግላይኮል መጠጥ ቀደም ብሎ ወደ ሁለት ሊትር ወርዶ ነበር፤ በ2018 ደግሞ ወደ አንድ ሊትር ወረደ፡፡ በ2012 ፈቃድ ያገኘው የፒኮሰልፌትና የማግኒዥየም ድብልቅ ለመጠጣት ቀላል ቢሆንም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይመከርም፤ ማግኒዥየሙ ይጠራቀምበታልና፡፡

ዕቃውስ ያስፈልጋል ወይ?

በ2011 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 18 ጥናቶችንና 5,805 ሕሙማንን መርምሮ፣ ማጽጃ የጠጡት ካልጠጡት እንደተሻሉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፡፡ በኋላ ግን ማጽጃው ከሚዋጥ አንቲባዮቲክ ጋር ሲሰጥ የቁስል ምርዘትን እንደሚቀንስ የሚያመለክቱ ጥናቶች በረከቱ፡፡ የአሜሪካ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም በ2019 ሁለቱ አብረው እንዲሰጡ መከረ፡፡

ስለዚህ ለሆስፒታል የሚገዛም ሆነ መድኃኒት የሚያስመጣ ሰው ከጠርሙሱ ዋጋ በፊት የሚጠጣውን ሰው ኩላሊትና ልብ ይጠይቅ፡፡ ምርጫው የሐኪሙ ነው፡፡ የፎስፎ ሶዳ እውነተኛ ዋጋ የታወቀው ከተሸጠ በኋላ ነበር፡፡