ከዒሻ በኋላ የሚበራው መብራት

በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ አካባቢ በምትገኘው ዱመርሶ ሌሊቱን የሚያስመሸው ቡና ነበር። ቀን የተለቀመው እሸት ሳያድር መፈልፈል ስላለበት በመከሩ ወራት የመፈልፈያው ጣቢያ መብራት እስከ ሌሊት ይበራል፣ ሞተሩም ይጮኻል። መከሩ ሲያልፍ ግን የሰገደው ዒሻውን ሰግዶ፣ ሌላውም ራቱን በልቶ በጊዜ ይተኛ ነበር። ዛሬ መብራቱ በየቤቱ፣ በየብርድ ልብሱ ሥር ገብቷል። መከርም አይጠብቅም።

ውድ አንባብያን! «ልጄን ለፈጅር ብቀሰቅሰው አይነሳም፤ ክፍል ውስጥም እንቅልፍ ይጥለዋል» የሚል ወላጅ ያልሰማ ማን አለ? አንዱ በኢማን ድክመት፣ ሌላው በስንፍና ይተረጉመዋል። እኛ ግን ከፍርዱ በፊት ሰዓቱን እንቁጠር እንላለን። በዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ዒሻ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይገባል፤ ፈጅር ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው። በ3 ሰዓት የተኛ ልጅ 8 ሰዓት ያህል ያገኛል። ለወጣት የሚመከረውም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስልኩን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት የቆየው ግን 5 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ነው «ተነስ!» የሚባለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓይን ነው። ዓይናችን ከማየት ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ቀንና ሌሊቱን ለአንጎል ይነግራል። ይህን የሚያደርጉት ሕዋሳት በተለይ ሰማያዊ ቀለም ላለው ብርሃን ንቁ መሆናቸውን ሳይንቲስቶች በደንብ የተረዱት እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ነው። ሲጨልም አንጎል ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ሰውነትም ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። የኩራዝና የፋኖስ ብርሃን ደብዛዛና ቀላ ያለ ስለነበር ይህን ብዙም አያውክም ነበር። ነጩ አምፖልና የስልክ መስታወት ግን ለአንጎል «ገና ቀን ነው» ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት 12 ሰዎችን ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ያህል ከሚያበራ መሣሪያ እንዲያነቡ አድርጎ ሜላቶኒናቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝቷል። ነገር ግን ማጋነን አንወድም። እነዚያው ሰዎች እንቅልፍ የወሰዳቸው መጽሐፍ ካነበቡበት ምሽት በ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ዘግይተው ነው። ከዚህም በላይ ቀኑን በደማቅ ብርሃን ያሳለፈ ሰው የማታው ብርሃን ያን ያህል እንደማያውከው ሌሎች ጥናቶች ያመለክታሉ። እናም ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም የዋለው ወጣት ይልቅ ይሻላል፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወረው ተማሪ ነው የሚጎዳው።

ታዲያ 10 ደቂቃው 3 ሰዓት የሚሆነው እንዴት ነው? በብርሃኑ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለው ነገር ነው። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ቲክቶክ ግን ማለቂያ የለውም። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ጀምሮ እኩለ ሌሊት ይደርሳል፣ ያልፋልም። የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ ኪሱ ያልሞላ ተማሪ ርካሹን ሰዓት ቢጠብቅ አይፈረድበትም። የስልኩን ቀለም ወደ ቢጫ መለወጥም ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

የማታውን ጀበናም አንርሳ፤ የቡና አገር ልጆች ይቅር ይበሉን! እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድሞ የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከመግሪብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ልጁን «ተኛ» ማለት ይከብዳል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻም በኋላ ወሬ መያዝን ይጠሉ እንደነበር አቡ በርዛ አል-አስለሚ (ረ.ዐ) ማስተላለፋቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለማዎች ለዕውቀት፣ ለእንግዳና ለቤተሰብ የሚደረገውን ጨዋታ ከዚህ ለይተውታል። ሌሊት መብራት እንዲጠፋ የመጣውን ሐዲስ ግን አንዳንዶች ለሜላቶኒን ማስረጃ ሲያደርጉት እንሰማለን። እሱ የመጣው ለእሳት አደጋ ነው፤ ያልተባለውን ማስባል አያስፈልግም።

«ስልኩ ከሌለ ለፈጅር ማን ይቀሰቅሰኛል?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስልኩ ሳሎን፣ ከአልጋው ራቅ ብሎ ይደር፤ ሲጮኽ ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሆናል። የአባትና የእናትም ስልክ አብሮ እዚያው ይደር፤ አለበለዚያ ልጁ አይሰማንም። ይህን የምንለው እኛም ጽሑፉን ስናዘጋጅ ያመሸነው ከስልካችን ጋር ስለነበር ነው።