እጅ ላይ የተረሳው ካኑላ

ዛሬ የማወራችሁ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሁሉ ስለሚያውቃት ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ካኑላ። ብዙ ሰው «ግሉኮስ የተሰካበት መርፌ» ይላታል። እውነቱን ለመናገር ግን እጃችሁ ውስጥ የሚቀረው መርፌ አይደለም። መርፌው መንገድ ከፍቶ ወዲያው ይወጣል፤ ደም ስር ውስጥ የሚቀረው ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ኢንተርን እያለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት በሳንባ ምች ተኝተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳታቸው ወረደ፣ ምግብ መብላት ጀመሩ። እኔም ደስ ብሎኝ በደም ስር የሚሰጠውን መድኃኒት ወደሚዋጥ ቀየርኩላቸው። «ካኑላው ይውጣ» ብዬ ግን አላዘዝኩም፤ ማንም አላወጣውም። በስድስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላቸው፤ ትኩሳቱ 39 ገባ። ሳንባቸውን እንደገና አዳመጥን፣ ሽንት ላክን፣ ወባም ፈለግን። ምንም የለም።

ማታ ተረኛዋ ሲስተር መጣችና እጃቸው ላይ የተጠቀለለውን ፕላስተር ፈታችው። «ዶክተር፣ እስቲ ይሄን እየው» አለችኝ። ቀዳዳው መግል ይዟል፤ ደም ስሩ እስከ ክንዳቸው ድረስ ቀልቶ እንደ ገመድ ጠጥሯል። እናታችን ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይቆጠቁጠኛል ብዬህ አልነበር?» አሉኝ። አዎ፣ ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ «አይዞዎት፣ ትንሽ ነው» ብዬ አልፌያለሁ።

ባክቴሪያው ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። በማግስቱ ቤታቸው መግባት የነበረባቸው ሴት ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ተኙ፤ ለዚያውም በሌላው እጃቸው አዲስ ካኑላ ተተክሎ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነው ወጡ። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

ቆዳችን አጥር ነው። ካኑላ ስንተክል አጥሩን ቀደድን ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚገባበት ቀዳዳ ለጀርምም በር ነው። በሩን ንጹህ አድርጎ መክፈት፣ ክፍት እስካለ መጠበቅ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መዝጋት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ስለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል።

ለነርሶችና ለሙያ ባልደረቦቼ፦ ስንተክል

1. ለሥራው የሚበቃውን ትንሹን ቁጥር ምረጡ። ለአብዛኛው አዋቂ ሮዙ (20) ወይም ሰማያዊው (22) ይበቃል። ደም ለሚፈሰውና ለትልቅ ቀዶ ጥገና አረንጓዴው (18) ወይም ከዚያ የሚወፍረው፣ ለጨቅላ ቢጫው (24)። ቀጭን ደም ስር ውስጥ ወፍራም ካኑላ ከገባ ግድግዳውን እየፋቀ ያቆስለዋል።

2. ድንገተኛ ካልሆነ ክርንና የእጅ አንጓ መታጠፊያ ላይ አትትከሉ፤ ክንድ ይሻላል። ለኩላሊት እጥበት ፊስቱላ የተሠራበትን እጅ፣ በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት እጢ የወጣበትን ጎን፣ የቀላ ወይም የተቃጠለ ቆዳን ተዉት።

3. እጃችሁን አጽዱ፤ ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም። ቆዳውን በአልኮል ለ30 ሰከንድ ያህል እሹትና በራሱ ይድረቅ። እፍ አትበሉበት። ካጸዳችሁ በኋላ ደግማችሁ በጣት አትዳብሱ። የጓንቱን ጫፍ ቆርጦ ደም ስር መፈለግማ ይቅርብን!

4. ላስቲኩን ከቦታው አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። መርፌውን ጋደም አድርጋችሁ አስገቡ፤ ደም ሲታይ የበለጠ ዝቅ አድርጉና ጥቂት ገፍታችሁ ፕላስቲኩን በመርፌው ላይ አንሸራትቱ። ወደ ኋላ የሳባችሁትን መርፌ ግን መልሳችሁ አትክተቱ፤ ፕላስቲኩን ሊቆርጠው ይችላል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ሌላ ባልደረባ ጥሩ። መርፌው ሳይከደን በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ።

5. ፕላስተሩን ቀድሞ ቆርጦ አልጋው ብረት ላይ መለጠፍ የለመድነው ነገር ነው፤ ጀርሙን ከብረቱ ወደ ቀዳዳው እያመጣነው ነው። ንጹህ ሽፋን አድርጉና ቀንና ሰዓት ጻፉበት።

ስንንከባከብ

ተረኛ በተቀየረ ቁጥር ቦታውን እዩ፣ ዳብሱ፣ በሽተኛውንም ጠይቁ። መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የካኑላውን አፍ በአልኮል ለ15 ሰከንድ ያህል እሹ፤ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በኖርማል ሳላይን እጠቡት። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፉ።

ቀልቶ፣ ሞቆና ደም ስሩ ጠጥሮ ከተገኘ ደም ስሩ ተቆጥቷል። አብጦ፣ ቀዝቅዞና ተወጥሮ ከሆነ ፈሳሹ ከደም ስር ውጪ እየፈሰሰ ነው። በሁለቱም አቁሙና አውጡት። እንደ ካልሲየም ያሉ ሥጋ የሚጎዱ መድኃኒቶች እየተሰጡ ካበጠ ግን ወዲያው አቁሙና ካኑላውን ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጥሩ።

ድሮ በየ3 ወይም 4 ቀኑ መቀየር ልማድ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ ችግር ሲታይ ወይም ሥራው ሲያበቃ ይወጣል። ይህ የሚያዋጣው ግን በየቀኑ የሚያይ ዓይን ካለ ብቻ ነው። በጥድፊያ፣ ንጽህናው ሳይጠበቅ የተተከለ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ቢቀየር ይመረጣል።

ለታማሚዎችና ለአስታማሚዎች

- ካቃጠላችሁ፣ ካበጠ ወይም ከረጠበ ዝም አትበሉ። ነርሷን መጥራት ማስቸገር አይደለም።
- «ቶሎ ይለቅ» ብላችሁ የግሉኮሱን ፍጥነት ራሳችሁ አትጨምሩ። በተለይ ለልብ ሕመምተኛና ለሕፃን አደጋ አለው።
- ካኑላ እጃችሁ ላይ እያለ ወደ ቤት አትሂዱ።
- ከወጣ በኋላ ቦታውን ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ተጫኑት። በቀጣዮቹ ቀናት ከቀላ ወይም ትኩሳት ከመጣ ተመለሱ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ራውንድ ስዞር የእያንዳንዱን በሽተኛ እጅ አያለሁ። «ይሄ ካኑላ ዛሬም ያስፈልጋል?» እላለሁ። እናንተም የተኛ ዘመድ ስትጠይቁ እጁን ተመልከቱለትና ይህችኑ ጥያቄ ጠይቁ። የሚቀየም ባለሙያ የለም፤ ቢኖርም ይቀየም።

ለምታውቋቸው ነርሶችና አስታማሚዎች ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤንነት!